የትውስት ተማሪ

የብሬል መጻሕፍቱ የተሰጡት አስፋልት ዳር ላለው ትምህርት ቤት ነበር። ማየት የተሳናቸው ልጆች ግን የሚማሩት በዚያው ወረዳ፣ ከኮረብታው ጀርባ ባለው ነው። ስለዚህ ለጋሾቹ ለጉብኝት በመጡ ቀን የአስፋልቱ ትምህርት ቤት መምህርት ከልጆቹ አንዷን፣ እናትነሽን፣ ከዚያ በባጃጅ አመጣቻት፤ አዲስ ዩኒፎርም አልብሳም መጽሐፍ ፊት አስቀመጠቻት።

«ጣትሽን ብቻ አንሸራትቺ፤ ያስጠናሁሽን በቃልሽ ትያለሽ። እሺ የኔ ቆንጆ?»

«እሺ ቲቸር።»

ልጅቷ አንዲት ቃል አልሳተችም። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ለትምህርት ቤቱ ሌላ መጽሐፍ እንደሚጨምሩም ቃል ገቡ። ርዕሰ መምህሩ «አንቺ አንበሳ!» ብሎ የእናትነሽን ትከሻ መታ መታ አደረገ። መምህርቷም አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት።

እንግዶቹ ሲሄዱ መጻሕፍቱ ተመልሰው ተቆለፈባቸው። መምህርቷም ልጅቷን በባጃጅ ወደ ሰፈሯ ይዛት ተመለሰች።

«ቲቸር» አለች እናትነሽ መንገድ ላይ።

«ወዬ።»

«ነገ ተራው የማን ነው?»

«የምን ተራ?»

«መጽሐፉን የመንካት ነዋ! ጓደኛዬን ዝናሽን ብትወስጂያት ደስ ይለኛል። እሷ ከእኔ ቶሎ ይገባታል።»