ገመዱን የያዘው

ሰው ገድሎ ከዚያች ተራራማ ከተማ ከጠፋ ሃያ ዓመቱ ነበር። "አሁንማ ማን ያስታውሰኛል" ብሎ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጋር ለሽርሽር መጣ፤ ገደል በገመድ ሊወርዱ። መዝገብ የያዘው ወጣት አስጎብኚ ስሙን እስከ አያቱ ጠየቀው። ሳያስበው እውነተኛውን ተናገረ። ወጣቱ ትንሽ አየት አደረገውና ጻፈ።

ገደሉን ሲያጋምስ ከላይ ናዳ ወረደ። አንዱ ድንጋይ ትከሻውን ሰበረው፤ ሌላው ገመዱ የታሰረበትን ብረት ነቅሎት ሄደ። ቁልቁል ሲምዘገዘግ ገመዱ ድንገት ቀጥ አለ። ቀና ሲል አስጎብኚው ጠርዙ ላይ በደረቱ ተኝቶ ገመዱን በባዶ እጁ ይዞታል። ከመዳፉ የሚፈሰው ደም እታች ድረስ ይንጠባጠባል። መልኩን አሁን ገና ልብ አለው፤ ቁርጥ ያንን የገደለውን ሰው።

"የጓንጉል ልጅ ነህ?" አለ።

"ነኝ፣ ጋሼ። አጥብቀው ይያዙ!"

የእጁ ቆዳ ገመዱ ላይ እየቀረ፣ ጥርሱን ነክሶ ጎትቶ አወጣው። ባልደረቦቹ ከሩቅ ሆነው አጨበጨቡ። እሱ ግን የወጣቱ እግር ላይ ወድቆ ጉልበቱን እየሳመ፣ "አባትህን ገድዬብህ ነፍሴን አተረፍክልኝ! እንዴት ቻልክ?" አለው።

ወጣቱ ቀስ ብሎ ደግፎ አነሳው።

"ገደል ከበላህማ የአባቴን ደም ማን ሊመልስ ነው?" አለና የገመድ መቁረጫውን ጩቤ አንገቱ ሥር ሻጠበት።

ከኋላ ጭብጨባው ገና አላቆመም ነበር።