ጋሼ እጅጌውን ለምን ያስተረትሯታል?

«ተርትሪው!»

«እንዴ ጋሼ... ጠዋት እኮ ግጠሚው ያሉኝ እርስዎ ነዎት!»

«ተርትሪው አልኩሽ። ከዚያ እንደገና ግጠሚው።»

ልጅቷ መቀሱን አነሳች...

ሙሉ ጠዋቷን የበላውን የኮት እጅጌ መተርተር ጀመረች።

የሚገርመው ግን ፈገግ ብላ ነበር!

(እኔም መጀመሪያ ስሰማ እንደናንተው ግራ ገብቶኝ ነበር። ቆዩማ...)

ይህች ልጅ ጋሼ የወንዶች ሙሉ ልብስ በሚሰፉበት ቤት ተለማማጅ ናት።

ቤተሰቦቿ ኮሌጅ ግቢ ሲሏት «ልብስ ሰፊ ነው የምሆነው» ብላ አሻፈረኝ አለች። አባቷም «እሺ፣ ዓመት እንይሽ... ካልሆነልሽ ግን ወደ ትምህርትሽ» ብለው ለቀቋት።

ሌላው ፍቅሯ የምናብ ልቦለድ ነው። ዘንዶ... አስማተኛ ሰይፍ... ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ነጭ ጢማም ጠቢብ...

እነዚያ ጠቢባን ደግሞ መቼም ነገር በቀጥታ አይናገሩም! ጀግናው «ሰይፍ አስተምሩኝ» ሲላቸው «ሂድና በቀዳዳ ባልዲ ውሃ ቅዳ» ይሉታል። ምስኪኑ ሲማረር ይከርምና መጨረሻ ላይ ክንዱ ፈርጥሞ ያገኘዋል። ያኔ «ኃይሉ ድሮም ውስጥህ ነበር» ይሉታል።

ስለዚህ ጋሼ «ተርትሪው» ባሏት ቁጥር ልጅቷ በልቧ «ገባኝ» ትላለች።

አንድ ቀን ራሳቸው የቆረጡትን ኮት አንስተው «ይሄ የማን ነው?» አሏት። የሚለብሰውን ሰው እያሰብሽ ስፊ ማለታቸው ነው አለች።

ሌላ ቀን ጥቁር ኮት በነጭ ክር ስፊ አሏት። ስህተቴ ፍጥጥ ብሎ እንዲታየኝ ነው አለች።

እዚያው ቤት ልብስ የሚተኩሰው ጎልማሳ ሳቁ ሊያፍነው ይደርሳል። ቅጽል ስምም አውጥቶላታል።

«አንቺ ዘንዶ ገዳይ... ሰውየው እኮ እያሾፉብሽ ነው። ሙያቸውን ላለማካፈል ነው እንዲህ የሚያለፉሽ!»

«አንተ አይገባህም። እያሠለጠኑኝ ነው።»

«ለምኑ? ለጦርነት?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እጅጌው ተተርትሮ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ አንድ ወጣት ገባ።

«ጋሼ፣ ሠርጌ ነገ ነው። ኮቴን ልወስድ መጣሁ።»

ጋሼ ሜትራቸውን አንስተው «ና ልኬትህን ልውሰድ» አሉት።

ሙሽራው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም...

«ጋሼ፣ ለክተውኛል እኮ... ኮቱም ያውና!»

ጋሼ ኮቱን አዩት። ሙሽራውን አዩት። ግድግዳውን አዩት... ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«የት ነው ያለሁት?» አሉ።

ተኳሹ ደንግጦ ለልጃቸው ደወለ። ልጃቸው እየሮጠች መጥታ አባቷን ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ አሳረፈቻቸውና ወደ እነሱ ተመለሰች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ... አባዬን የመርሳት በሽታ ይዞታል። ከጀመረው ቆይቷል። ሱቁ እንዳይዘጋበት ፈርቶ ለማንም አትናገሩ አለን።»

ተለማማጇ የተተረተረውን እጅጌ አነሳች።

«ታዲያ... ያ ሁሉ ትምህርት?»

«የምን ትምህርት?»

«እየተረተርኩ እንደገና የምገጥመው...»

«እህቴ... መግጠምሽን ረስቶት ነው።»

ልጅቷ ክው አለች።

ጠቢብ የለም። ምስጢር የለም። ሥልጠናም አልነበረም... ለካ መንገዱ የጠፋባቸው አንድ ሽማግሌና ሁሉን ነገር የምትተረጉም አንዲት ልጅ ብቻ ነበሩ!

ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። አባቷ ፊት ምን ብላ እንደምትቆም አላወቀችም።

«እህት...» አለ ሙሽራው በቀስታ። «እኔስ ነገ ምን ልልበስ?»

አንጀቷ አልቻለም። ተመልሳ ተቀመጠች።

እያለቀሰች ነው የሰፋችው። እጇ ግን አልተሳሳተም... ትከሻው ጋ የሚሰበሰበውን ጨርቅ ጣቷ ራሱ እያወቀ መስመር ያስይዘው ነበር። ቀና ስትል ተኳሹ ካውያውን አስቀምጦ አፉን ከፍቶ ያያታል።

ሙሽራው ለብሶ ሊሞክረው ሲነሳ ጋሼ ከውስጥ ወጡ።

ኮቱን ተቀብለው ትከሻውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ገለበጡት። ገበሩን አዩ። እንደገና ዳበሱት...

«ይሄን ማን ሰፋው?»

ዞር ብለው ልጅቷን አዩዋት።

አይተዋት የማያውቁ ያህል ነበር።

«አዲሷ ተለማማጅ አንቺ ነሽ?»

«...አዎ ጋሼ።»

«ነይ ጠጋ በይ። ይቺን ትከሻ እያት። አየሽ? የትም አልተጨማደደችም። ይሄን የሰፋው ሰው ሙያው እጁ ውስጥ ገብቷል... ከእኔ ይልቅ ከእሱ ተማሪ። አይዞሽ፣ ከበረታሽ አንድ ቀን አንቺም እንደሱ ትሆኛለሽ።»

ልጅቷ ትሳቅ ታልቅስ ጨነቃት።

«እሺ ጋሼ» ብቻ አለች።

...

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታሪኩን ጽፌ ጨርሼም ግራ እንደገባኝ ነው። አስተማሯት እንዳልል፣ ሰውየው ያደረጉትን እንኳ አያውቁም። አላስተማሯትም እንዳልል ደግሞ... ሙሽራው ለብሶት ሄዷል!

ለእኔ የገባኝን ያህል፦ ውስጣችን ያለውን አቅም የሚያወጣልን ሁሌ ሁሉን አዋቂ ሰው አይደለም። ትምህርት ነው ብለን ከልባችን የያዝነው ነገር ትምህርት ሆኖ ቁጭ ይላል። ግን ደግሞ ጠቢብ አድርገን የሰቀልነውን ሰው አንዳንዴ «ደህና ነዎት ወይ?» እንበለው... ታሞ ይሆናላ!

እናንተ በልጅቷ ቦታ ብትሆኑ «የሰፋሁት እኔ ነኝ ጋሼ» ትሏቸው ነበር... ወይስ እንደሷ «እሺ» ብላችሁ ዝም?

እኔ መወሰን ስላቃተኝ ነው፣ ኮሜንት ላይ እስኪ አግዙኝ።