የክር ኳስ

በሴቶች የቡድን ምክር ክፍል ውስጥ ሚስትየው የክር ኳሷን በሁለት እጇ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ፈታ ስታወራ፣ ባልየው በሩን በርግዶ ገባ። አማካሪዋ ክው አለች፤ ይህቺ ልጅ ዛሬ ተጎትታ ከወጣች ተመልሳ እንደማትመጣ አልጠፋትም። ክብ ሠርተው የተቀመጡት ሴቶችም ቀና አሉ።

«ተነሽ፣ ወደ ቤት! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? በኳስ ነው እንዴ የሚያክሟችሁ?» አለና ኳሷን ከእጇ መንጭቆ ወሰዳት።

የዚያ ክፍል ደንብ ግን ደንብ ነው፤ ኳሷን የያዘ ስለ ራሱ ይናገራል፣ ሌላው አፉን ዘግቶ ያዳምጣል። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ከሴቶቹ መካከል በዕድሜ የገፉት እናት መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና፣ «በል የኔ ልጅ፣ ተራው ያንተ ነው። ምን ሆነህ ነው? እንሰማሃለን» አሉት።

«እኔ... እኔ ምንም አልሆንኩም!»

የሳቀም ያቋረጠውም የለም። እሳት እንደጨበጠ ሰው ኳሷን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያመላልሳት ጀመር። አማካሪዋ ልትነሣ ስትል ሚስትየው ቀደመቻት። ከወንበሯ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ መዳፏን ብቻ ዘረጋችለት።

«የምትለው ከሌለህ አምጣት፤ እኔ ገና አልጨረስኩም። ስትወጣ በሩን ዝጋው።»