የቤዛ ሕመም

ቤዛ ታመመች ከተባለ አራት ወር ሆነ። ካንሰር ነው ተባለ። አማቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ግን አላመኑም።

እንዴት ይመኑ? ካንሰር የያዘው ሰው ይከሳል፣ ይገረጣል። ቤዛ የልደታ ኮንዶሚኒየምን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ትወጣዋለች። ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ሁለቴ ቆመው ሲያለከልኩ፣ እሷ ቀድማ ወጥታ በር ከፍታ ትጠብቃቸዋለች። ታማሚ እንዲህ ነው?

ልጃቸው ዮፍታሔ ለመድኃኒቱ ብሎ መኪናውን ሸጠ። አሁን ታክሲ ተጋፍቶ ነው ሥራ የሚገባው። ያንገበገባቸው ይሄ ነው።

"አንድ ልጄን ራቁቱን ልታስቀረው ነው" ይላሉ።

ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ደግሞ ቤዛ አማቷን ካላስከተለች ሆስፒታል አትሄድም። "እማዬ፣ ብቻዬን እፈራለሁ" ትላለች።

ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። ሲያስረዳም ታማሚዋን ትቶ ወይዘሮ ድንቅነሽን ነው የሚያየው።

"ይኸውልዎ እናቴ፣ በሴሉ ላይ ተቀባይ የሚባል አለ። የበር ደወል ይበሉት። የዕድገት መልእክት ሲመጣ ደወሉን የሚያስጮኸው ኢንዛይም ነው። ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ዝም ያሰኘዋል። አሁን ግን የሚያስጮኸው ተበላሽቶ፣ ማንም ሳይደውል ቀን ከሌት ያስጮኸዋል። ዝም የሚያሰኘውም አልቻለውም። ሴሉ እደግ የተባለ እየመሰለው ይባዛል። ክኒኑ የዚያን ያበደ ኢንዛይም እጅ ይይዛል።"

"የኛ ብሎክ ደወልም እንዲሁ ነው" አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። "ይጮሃል፤ ብትከፍት ሰው የለም። እኛ ሽቦውን በጠስነው እንጂ ክኒን አልገዛንለትም።"

ሐኪሙ ሳቀ። ቤዛ አልሳቀችም።

ነርሷ ደግሞ "አስታማሚም ይመረመራል" ብላ የወይዘሮ ድንቅነሽን ደም ቀዳች።

"ሰው ሸኝቶ ደም ከፍሎ መመለስ! ጉድ ነው ዘንድሮ!"

ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ ቤዛ ሁለት ክኒን ታመጣለች። አንዱን ራሷ ትውጣለች። "ይሄ የእርስዎ ቫይታሚን ነው" ብላም እስኪውጡት ድረስ ከአፋቸው ላይ ዓይኗን አትነቅልም።

በሁለተኛው ወር የወይዘሮ ድንቅነሽ ፊት በሽፍታ ተሞላ። የቤዛ ፊት እንደ ሙሽራ ያበራል። ለሐኪሙ ሽፍታውን ቢያሳዩት ይባስ ብሎ ፈገግ አለ።

"ጥሩ ነው፣ እናቴ። ቅባት እሰጥዎታለሁ።"

የሰው ፊት ተበላሽቶ ጥሩ ነው የሚል ሐኪም! ተመሳጥረዋል ማለት ነው። ነገሩ የለየለት ግን ቤዛ በረንዳ ላይ ሆና በስልክ ስታንሾካሹክ የሰሟት ቀን ነው።

"አላወቁም፣ ዶክተር። እንዳያውቁም አደራ።"

ወይዘሮ ድንቅነሽ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ለእሑድ ቀጠሩ። ቤዛ ከቤት እንድትወጣ ሊጠይቁ ነው። ማስረጃ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ቤዛ ገላዋን ስትታጠብ ቦርሳዋን ከፍተው የሆስፒታሉን ካርድ አወጡ።

ካርዱ በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸው በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩት ፊደል እዚህ አያገለግልም። ነጠላቸውን ጣል አድርገው ጎረቤታቸውን ዙሃራን አንኳኩ። ዙሃራ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች።

"አንቺ ዙሃራ፣ የቤዛ ካርድ ነው። አንብቢልኝ። በሽታ ከሌለበት ነገ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣታለች።"

ዙሃራ አነበበች። ደግማ ከላይ ጀመረች።

"ምነው? ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?"

"ካንሰር ነው፣ እማማ።"

"ውሸት!"

"ወላሂ እውነት ነው። መድኃኒቱ ይዞላታል ይላል። ካልተቋረጠ ጥሩ ነው ይላል።" ዙሃራ እጃቸውን ያዘች። "ቤዛን አያስወጧት፣ እማማ። በአላህ።"

ወይዘሮ ድንቅነሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ክፉ አሮጊት" አሉ። "የታመመ ሰው ላይ ሽማግሌ ልሰበስብ ነበር። እመልሳቸዋለሁ። ክኒኗንም ከነገ ጀምሮ በገዛ እጄ ነው የማስውጣት፤ አንድ ቀን ታስታጉልና እንተያያለን!"

ካርዱን ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡና ወጡ።

በካርዱ ራስጌ ላይ፣ በፈረንጅ ፊደል፣ የታካሚዋ ስም ተጽፏል፦ ድንቅነሽ ሸዋዓለም፣ ዕድሜ 71።