ኑረዲን የወደቀበት ቀን

ኑረዲን ያን ቀን አውሮፕላኑን ደጋግሞ ጣለው። ደግነቱ የእውነት አልነበረም፤ ሲሙሌተር የሚሉት፣ ከመሬት ሳይነሱ የሚበሩበት ዝግ ክፍል ነው። ለቡ ካለው ማሰልጠኛ ሳይወጡ ሰማይ ለሰማይ የሚዞሩበት።

ካፒቴን ቀመሪያ ዓይኗን ማመን አቃታት። ከቁጥጥር የወጣ አውሮፕላን እንዴት እንደሚመለስ ካስተማረቻቸው ሁሉ እሱን የሚያህል አልነበረም። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻ ፈተናው ነው፤ ከወደቀ ከስልጠናው ይሰናበታል።

ለእሷ ተማሪ ብቻም አይደለም። ጎፋ አጥር የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው፤ ከልጇ ከሃሩን ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ ነው ያደገው። ሥራ ላይ "ካፒቴን" ይላታል፤ ሰፈር ውስጥ "እማ" ነው።

አውሮፕላን ጉልበት አጥቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። ፍጥነቱ ሲመለስ ቀና ይላል። የደነገጠ ሰው ግን መሪውን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ የሚገድለውም ያ ነው። ኑረዲን ይህን በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል። ዛሬ ይጎትታል።

"ምን ነካህ?" አለችው።

"አንዴ ልድገመው፣ እማ።"

ደገመው። ወደቀ። አሁንም ልድገመው አለ።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ይብቃን አለች። ማሽኑን ከውጭ የሚቆጣጠረው ተካ ግን፣ ይቀጥል፣ የሚቸኩል የለም አላት በማዳመጫው። ተካ በሌላ ቀን ደቂቃ ካሳለፉበት የሚነጫነጭ ሰው ነው። ጠዋት እሷ ቀድማ ገብታ ስትጠብቅ፣ ኑረዲንን በር ላይ አቅፎ ሲያንሾካሹክለት አይታለች። ለልጁ ማዘኑ ነው ብላ በልቧ መረቀችው።

ፍርሃት ገብቶበታል አለች ለራሷ። ፍርሃት የገባበት አብራሪ ደግሞ ሰው ጭኖ አይነሳም። በዓይኗ ፊት ያደገውን ልጅ ዛሬ የምትጥለው እሷው ናት።

"ኑሬ፣ ላሳልፍህ አልችልም። ማታ ቤት ና፣ ሃሩን ያጫውትሃል። ለአንተ መድኃኒትህ እሱ ነው።"

ኑረዲን ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። እንዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ይውጣለት ብላ ተወችው፤ የራሷንም እንባ ጠረገች።

ኑረዲን ሲረጋጋ አሁንም ልድገመው ብሎ መሪውን ይጎትት ጀመር። ብዙ ቆይቶ ተካ "በቃ፣ መውጣት ትችላላችሁ" አለ። ኑረዲን ወዲያው መሪውን ለቀቅ አደረገ። አፍንጫው ዝቅ፣ ክንፉ ቀጥ፣ አውሮፕላኑ ተመለሰ። ቀመሪያ ተናደደች። እስካሁን የት ነበርክ ልትለው ነበር፤ ግን ወድቋል ብላ አሳውቃለች።

ተካ ጠዋት ስትገባ የተቀበላትን ስልክ ዘግቶ መለሰላት፤ ቻርጅ ጨርሷል አለ። ደክሞሻል ብሎ መኪናዋን ኑረዲን ነዳ።

ጎፋ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ድንኳን ተተክሏል። ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል። ቀመሪያ ክው አለች። የኑረዲን አባት ሀጂ አብዶ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል። ለካ ልጁ ጠዋት ሰምቶ ነው እንደዚያ የሆነው፤ እሷ ደግሞ አባቱ በሞቱበት ቀን ጣለችው። ይቅር በለኝ ልትለው እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

ሀጂ አብዶ በሰው ተደግፈው ከድንኳኑ ወጡና ልጃቸውን "እስክንሰባሰብ እሷን ስላቆየህልን አላህ ይክፈልህ" አሉት፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረው የሃሩንን ስም ጠርተው "አላህ ይማረው" አሉ።