ድቡ እጅ ነሳ

በፈረንጅ አገር የአራዊት ማቆያ የሚሠራው ልጅ፣ ስለሚጠብቀው ነጭ ድብ በስልክ ለአባቱ ያልነፋው ጡሩምባ የለም። ድቡ ሲቆም ፎቅ ያክላል፣ ሲያዛጋ ፀሐይ ትጋረዳለች፣ ከእሱ በቀር የሚፈራው ፍጡር የለም። ሽማግሌው በስንት ልመና ሊጠይቁት ሲመጡ፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ጎትቶ ወሰዳቸው።

ድቡ ከግንብ እስከ ግንብ ይመላለሳል፤ በዞረ ቁጥር አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

«አዩት አባባ? እጅ እየነሳዎት ነው! ‹የጌታዬ አባት መጡ› ማለቱ እኮ ነው።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነዋ! ያለኔ ፈቃድ ንቅንቅ አይላትም!» አለና የቁልፉን ዘለላ አንሿሿው።

ሽማግሌው አልሳቁም። ልጅየው የድቡን አረማመድ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ልጅ ሳለ፣ አባቱ ከእስር ቤት በወጡ ሰሞን፣ ያን የሚያህል ግቢ እያላቸው ከበረንዳው ምሰሶ እስከ ምሰሶ ብቻ እንዲሁ ይመላለሱ ነበር። እሱም ከኋላቸው እየተከተለ፣ አንገቱን እየሰበረ፣ የሰፈሩን ልጆች ያስቅ ነበር።

ቁልፉን ድምፅ እንዳያሰማ በመዳፉ አፈነው።

አባቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለድቡ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«አይዞህ ወንድሜ» አሉት፤ «እግዜር ያስፈታህ።»