በሰማንያ ብር የተገዛው ኮምፒውተር

"ይሠራል?"

"ኧረ አይሠራም መምህር... አለመሥራቱ በባለሙያ ተረጋግጦ፣ ማኅተም ተደርጎበት ነው ከቢሮ የወጣው!"

መምህር ይታገሱ ሳቁን ዋጥ አደረገ...

ቡሬ ገበያ ነው። ሚሊኒየሙ የተከበረ ዓመት።

ክንዱ የሚባለው አሮጌ ዕቃ ሻጭ ከተሰባበረ ሬዲዮ ክምር ውስጥ ኮምፒውተሩን ጎትቶ አወጣ።

ይታገሱ አሮጌ ኮምፒውተር ሲያይ ገበሬ በሬ ሲገዛ እንደሚያደርገው ነው... ይዞረዋል፣ ይዳብሰዋል፣ ጥርሱን ሊያይ ይቃጣዋል።

"መቶ ሃምሳ።"

"ለማይሠራ ዕቃ?"

"ዶሮ ያስታቅፉበታል እኮ!"

በሰማንያ ተስማሙ።

ቤቱ ወስዶ አንዲት የላላች ገመድ መልሶ ሰካ... ኮምፒውተሩ ተነሣ!

ውስጡ የአንድ ቀበሌ የመሬት መዝገብ ነበር። ስም... ስፋት... አዋሳኝ...

አንድ ስም ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

ወይዘሮ ውቢት። አክስቱ!

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንግዳው የሚባለው የባላቸው ወንድም "መሬቱ የእኔ ነው" ብሎ ሁለት ክረምት አርሶባቸዋል። የወረቀቱን መዝገብ አይጥ በልቶታል። መሬት ቢሮ በሄዱ ቁጥር "ማስረጃዎ አልተገኘም" ይባላሉ።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን በአህያ ጫኑት። እትዬ ውቢት እንዳይወድቅ በእጃቸው ደግፈው እስከ ቢሮው ደጅ አደረሱት።

ኃላፊው አቶ ወልደ ሥላሴ ሰው አክባሪ ናቸው። ወንበር አቀረቡ።

"ስማቸው እዚህ ውስጥ አለ! ሰክተን እንየው!"

"አንችልም መምህር። ይህ ዕቃ እንደማይሠራ ተረጋግጦ ተወግዷል።"

"ይሠራል እያልሁዎት!"

"እንደማይሠራ ግን ቃለ ጉባኤ አለ።"

እትዬ ውቢት ተነሡ።

"የኔ ጌታ... እዚያ ውስጥ አለሽ ይለኛል ልጁ። እስቲ አንዴ አብርታችሁ እዩኝ..."

አቶ ወልደ ሥላሴ አዘኑ። ከልባቸው አዘኑ።

ከዚያ ፋይል ገልጠው ለይታገሱ አንዱን መስመር በጣታቸው አሳዩት...

"በባለሙያ ተመርምሮ ፈጽሞ የማይሠራ መሆኑ ስለተረጋገጠ በቁራጭ ብረት ዋጋ ይሸጥ። የባለሙያው ፊርማ፦ መምህር ይታገሱ ዘሩ።"

አዎ...

በከተማው ኮምፒውተር የሚያውቀው እሱ ነው ተብሎ የተጠራው እሱ ነበር። ገመዷንም ያኔ ያላላት እሱው ነው... ዕቃው ገበያ ወጥቶ በርካሽ እንዲገዛው።

"ዋሽቼ ነው" ቢል እስር አለ። ዝም ቢል መሬቱ የእንግዳው ነው።

እትዬ ውቢት ፊደል አልቆጠሩም።

"ምን ይላል ልጄ?"

"አይሠራም ይላል እትዬ..."

"ማነው እንዲህ ያለው?"

አቶ ወልደ ሥላሴ ጨዋ ሰው ናቸው... ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር፦ ስንፈርም ስማችን እንዳይነበብ አድርገን እንፈርም። ይታገሱን የጎዳው የእጅ ጽሑፉ ማማር ነው።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ለእትዬ ውቢት ምን ብላችሁ ትመልሱላቸው ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን... አህያዋ ደጅ ቆማለች።